የሃያ ፊደሎች ታሪክ

በ1956 (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አርተር ኮርንበርግ የተባሉ አሜሪካዊ ባዮኬሚስት በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራቸው፣ ዲኤንኤን የሚገለብጥ ኢንዛይም ከባክቴሪያ አወጡ። የዲኤንኤ ቅርጽ ከታወቀ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ዲኤንኤ ፖሊሜሬዝ የተባለው ይህ ኢንዛይም አንዱን ክር እያነበበ በ«ኤ» ፊት «ቲ»ን፣ በ«ጂ» ፊት «ሲ»ን እያስቀመጠ ሁለተኛውን ክር ይሠራል። ኮርንበርግ በ1959 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ የሆኑት በዚሁ ሥራቸው ነው።

ኢንዛይሙ ግን ከባዶ መጀመር አይችልም። ባዶ ብራና ቢሰጡት ብዕሩን የማያነሣ፣ ሌላ ሰው የጀመረለትን መስመር ግን ሳይታክት እስከ መጨረሻው የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ነው። ያቺን መነሻ የሚያቀርብለት ፕራይመር የሚባለው አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ነው። ፕራይመሩ ከሚገለበጠው ክር ጋር ፊደል በፊደል ተጣምዶ ይቀመጣል፤ ኢንዛይሙም አዲስ ፊደል የሚቀጥለው በአንደኛው ጫፉ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ጫፍ ሦስት ፕራይም ይሉታል፤ እኔ ማብቂያው እለዋለሁ።

ማብቂያው የት እንዳረፈ ኢንዛይሙ አይመረምርም። ፕራይመሩ በተፈለገው ዘረ መል ላይ ቢቀመጥም፣ ያለ ቦታው ሌላ ክር ላይ ቢለጠፍም ያው እየቀጠለ ይሄዳል። ምን እንደሚገለበጥ የመወሰኑ ኃላፊነት ያን ቁራጭ በሚነድፈው ሰው ላይ ይወድቃል ማለት ነው። ቀጥሎ የማወራው፣ ሰዎች ይህን ኃላፊነት በስንት ሙከራና በስንት ውድቀት እየተማሩ እንደመጡ ነው።

ሃር ጎቢንድ ኮራና የተወለዱት ዛሬ በፓኪስታን ክልል ውስጥ በምትገኝ ራይፑር በምትባል የፑንጃብ መንደር ነው። አጭር ዲኤንኤን በኬሚስትሪ፣ ፊደል በፊደል እየገጣጠሙ በመሥራት በ1960ዎቹ የሚስተካከላቸው አልነበረም። በ1968 ኖቤል ከተካፈሉ በኋላም አንድ ሙሉ ዘረ መል በሰው እጅ የመሥራቱን ሥራ ገፉበት። የመረጡት የእርሾ ዘረ መል 77 ጥንድ ፊደል ብቻ ነበረው፤ ያም ሆኖ ብዙ ኬሚስቶችን ለዓመታት ይዟቸዋል። በዚያ ቡድን ውስጥ ሼል ክሌፔ የሚባሉ ኖርዌያዊ ተመራማሪ ነበሩ። ክሌፔና ባልደረቦቻቸው በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ መጨረሻ አካባቢ አንድ ሐሳብ ጣል አደረጉ፦ ሁለቱን ክሮች በሙቀት መለያየት፣ ሁለት ፕራይመሮችን በብዛት ጨምሮ ማቀዝቀዝ፣ ኢንዛይም ማስገባት፣ ከዚያም ዙሩን መደጋገም። ክሮቹ ፕራይመሮቹን ትተው መልሰው እርስ በርሳቸው እንዳይጣመዱ መጠኑን መመጠን እንደሚያስፈልግም አስበውበታል።

ዛሬ ይህን ስናነብ ፒሲአር የተባለው ዲኤንኤን በዙር የማባዛት ዘዴ በቀጥታ ይታየናል። በዚያን ጊዜ ግን ሐሳቡን ሥራ ላይ የሚያውል አልተገኘም። ምክንያቱ ስንፍና አይመስለኝም። አንድ ፕራይመር በእጅ ለመሥራት ወራት ይፈጅ ነበር። ከዚያ የባሰው ደግሞ ፊደሎቹን ለመምረጥ የሚያስፈልገው የዘረ መል ንባብ አለመኖሩ ነው። ፍሬድሪክ ሳንገር ዲኤንኤን የማንበቢያ ዘዴያቸውን ይፋ ያደረጉት በ1977 ነው፤ ከዚያ በፊት የሰውን ዘረ መል ግራና ቀኝ አውቆ «ፕራይመሬን እዚህና እዚህ ላስቀምጥ» ማለት የሚታሰብ አልነበረም።

እኔን ቢጠይቁኝ የፕራይመር ንድፍ እንደ ሙያ የተወለደው በ1979 ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ዓመት አያነሳውም። ብሩስ ዋላስ፣ ኬይቺ ኢታኩራና ባልደረቦቻቸው ካሊፎርኒያ በሚገኘው ሲቲ ኦፍ ሆፕ የምርምር ማዕከል ፋይ ኤክስ 174 በተባለ የባክቴሪያ ቫይረስ ላይ ይሠሩ ነበር። 11፣ 14 እና 17 ፊደል ያላቸውን ቁራጮች ሠርተው ከቫይረሱ ዲኤንኤ ጋር አጣመዱ፣ ሙቀቱንም ቀስ በቀስ ጨመሩ። ሁሉም ፊደሎቹ የገጠሙለት ቁራጭ ጸንቶ በቆየበት ሙቀት፣ ከመካከሉ አንዲት ፊደል ብቻ ያልገጠመችለት ቁራጭ ተላቆ ወደቀ። ስለዚህ በሙቀት ምርጫ ብቻ አንዲትን ፊደል ከሌላዋ መለየት ይቻላል ማለት ነው።

ከዚህ ሥራ የወጣው ሒሳብ እስካሁን ተማሪዎች በቃላቸው የሚይዙት ነው፦ ለእያንዳንዱ «ኤ» ወይም «ቲ» 2 ዲግሪ፣ ለእያንዳንዱ «ጂ» ወይም «ሲ» 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደመራል። ግማሹ «ጂ» እና «ሲ» የሆነ ባለ 20 ፊደል ፕራይመር በዚህ ስሌት 60 ዲግሪ አካባቢ ይላቀቃል። ግምቱ ሸካራ ነው፣ ለአጫጭር ቁራጮች ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ሆኖም ንድፍን ከመላ ምት ወደ ስሌት ያሻገረ እሱ ነው።

በ1981 ኮሎራዶ ውስጥ ማርቪን ካሩተርስ ዲኤንኤን በኬሚስትሪ የመሥራቱን ዘዴ እጅግ አቀለሉት። ማሽኖች ተከተሉ። ኮራናን ወራት የሚያስጠብቀው ቁራጭ በቀን የሚደርስ ዕቃ ሆነ።

ከነዚህ ማሽኖች አንዱ ገብቶ ሥራ ካቀለለላቸው ሰዎች መካከል ከሪ ሙሊስ ይገኙበታል። ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ኢመሪቪል በምትባል ከተማ፣ ሴተስ በተባለ ኩባንያ፣ ሥራቸው ለሌሎች ተመራማሪዎች አጫጭር ዲኤንኤ ማቅረብ ነበር። በ1983 የጸደይ ወራት በአንድ ዓርብ ምሽት በአውራ ጎዳና ቁጥር 128 ወደ ሜንዶሲኖ ሲነዱ አንዲትን የዘረ መል ፊደል እንዴት ነጥሎ ማንበብ እንደሚቻል ያስቡ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ሁለት ፕራይመሮች ፊት ለፊት ተያይተው በሁለቱ ክሮች ላይ ቢቀመጡ፣ የአንዱ ቅጂ ለሌላው መቀመጫ ይሆናል። በየዙሩ እጥፍ ነው፤ ፒሲአር የተባለው ይኸው ነው። ከ20 ዙር በኋላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ፣ ከ30 ዙር በኋላ ከአንድ ቢሊዮን በላይ።

የእጥፉ ስሌት በወረቀት ላይ ሲያዩት ያስደስታል፤ የስሕተትም እጥፍ መሆኑ የታወቀው በሙከራ ነው። በመጀመሪያው ዙር ያለ ቦታው የተቀመጠ ፕራይመር ያስገለበጠው ቅጂ፣ የፕራይመሩን ሙሉ ንባብ በጫፉ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያ የተሳሳተ ቅጂ ለፕራይመሩ እንደ እውነተኛው የተመቸ መቀመጫ ነው፤ እሱም አብሮ ይባዛል።

ሙከራው በሰው ዲኤንኤ ላይ የተሳካበት ጽሑፍ በሳይንስ መጽሔት የወጣው ዲሴምበር 20 ቀን 1985 ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ራንዳል ሳይኪ ሲሆኑ፣ ፍሬድ ፋሉና፣ ሄንሪ ኤርሊክና ኖርማን አርንሃይም ከሙሊስ ጋር አብረው ተሰልፈዋል። የመረጡት በሽታ ሲክል ሴል የሚባለው የደም ማነስ ነው። መንስኤው በቤታ ግሎቢን ዘረ መል ውስጥ አንዲት «ኤ» በ«ቲ» መለወጧ ነው። ፒሲ03 እና ፒሲ04 የተባሉ ሁለት ፕራይመሮች ተነደፉ፤ እያንዳንዳቸው 20 ፊደል አላቸው፣ በመካከላቸውም የተለወጠችዋን ፊደል ያዘለ 110 ጥንድ ፊደል ያስገለብጣሉ። ከ20 ዙር በኋላ የተፈለገው ቁራጭ 220,000 እጥፍ ያህል በዛ።

ለምን 20 ፊደል? ስሌቱን እዚሁ ማየት ይቻላል። አራት ዓይነት ፊደል ስላለ ባለ 16 ፊደል ንባብ ከ4 ቢሊዮን በላይ አማራጭ አለው፤ የሰው ዘረ መል በጠቅላላ 3 ቢሊዮን ጥንድ ፊደል ያህል ነው። በ20 ፊደል አማራጩ ከአንድ ትሪሊዮን ያልፋል። ስለዚህ በደንብ የተመረጠ የ20 ፊደል ንባብ በአጋጣሚ ሁለት ቦታ የመገኘቱ ዕድል እጅግ ትንሽ ነው። በወረቀት ላይ አስተማማኝ ይመስላል።

ነገር ግን የሴተስ ተመራማሪዎች በዚያን ጊዜ የነበራቸው ኢንዛይም በ37 ዲግሪ የሚሠራ ነበር። በዚያ ዝቅተኛ ሙቀት ፕራይመሩ ሃያውም ፊደል እስኪገጥምለት አይጠብቅም። ማብቂያው ላይ ያሉት 8 ፊደሎች ብቻ ገጥመው ለቅጽበት ቢይዙ ለኢንዛይሙ ይበቃዋል እንበል። ባለ 8 ፊደል ንባብ ያለው አማራጭ 65,536 ብቻ ነው፤ የሁለቱንም ክሮች 6 ቢሊዮን ፊደል ለዚህ ስናካፍል ከ90,000 በላይ መቀመጫ እናገኛለን። ባለ 20 ፊደሉ ቁራጭ በተግባር ወደ ባለ 8 ፊደልነት ወረደ ማለት ነው። የሆነውም ይኸው ነበር፤ ቱቦው ውስጥ ያልተፈለጉ ቅጂዎች ከተፈለገው ጋር ተደባልቀው ስለሚበዙ፣ ቤታ ግሎቢኑን ለመለየት ሌላ ምልክት የተደረገበት ቁራጭ ማሰማራት ግድ ሆነ። በዚያ ላይ ክሮቹን የሚለያየው ሙቀት ኢንዛይሙን ስለሚገድለው በየዙሩ አዲስ ኢንዛይም በእጅ ይጨመር ነበር።

መፍትሔው ከፍል ውኃ መጣ። ቶማስ ብሮክና ተማሪያቸው ሃድሰን ፍሪዝ በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ፍል ውኃ ውስጥ የሚኖር ቴርመስ አኳቲከስ የተባለ ባክቴሪያ አግኝተው በ1969 አስተዋውቀው ነበር። በ1976 አሊስ ቺየንና ባልደረቦቻቸው በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ የዚህን ባክቴሪያ ፖሊሜሬዝ አጣርተው አወጡ። ሴተሶች ይህን ኢንዛይም፣ ታክን፣ ወደ ቱቦው አስገቡት፤ ውጤቱ በጃንዋሪ 1988 ታተመ።

ስለ ታክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ድካም መቀነሱ ነው፦ ኢንዛይም መጨመር ቀረ፣ ሥራው ለማሽን ተሰጠ። የጽሑፉ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ታክ በከፍተኛ ሙቀት ስለሚሠራ ፕራይመሮቹን በ55 ወይም በ60 ዲግሪ ማጣመድ ተቻለ። በዚያ ሙቀት በ8 ፊደል የተንጠለጠለ ፕራይመር ይወድቃል፤ የሚቆየው በሙሉ የገጠመው ነው። ዋላስ በ1979 ያዩት ነገር አሁን በየዙሩ የሚሠራ ማጣሪያ ሆነ። ከአንድ ሰው ዘረ መል ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ንባብ ከ10 ሚሊዮን እጥፍ በላይ በጥራት በዛ፤ እስከ 2,000 ጥንድ ፊደል የሚረዝም ቁራጭም ያለ ችግር ወጣ።

በቀጣዩ ዓመት ነዳፊዎቹ ማብቂያውን መሣሪያ አደረጉት። በብሪታንያ አይሲአይ በተባለው ኩባንያ የሚሠሩ ተመራማሪዎችና በካሊፎርኒያ ራሳቸው ዋላስ ያሉበት ቡድን በ1989 ለየብቻ አንድ ዓይነት ሐሳብ አሳተሙ፦ በሽታውን የምታመጣዋን ፊደል በፕራይመሩ የመጨረሻ ቦታ ላይ አስቀምጥ። ፊደሏ ካለች ማብቂያው ይገጥማል፣ ኢንዛይሙ ይቀጥላል፤ ከሌለች ማብቂያው ከክሩ ይነሣል፣ ምንም አይገለበጥም። የዋላስ ቡድን የሲክል ሴሏን ፊደል በዚህ መንገድ ለየ። ለጤነኛዋ ፊደል የተነደፈው ፕራይመር ብቻ ቅጂ ከሰጠ ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ለሁለቱም ፊደሎች የተነደፉት ከሰጡ ተሸካሚ ነው።

አይሲአይዎች ያገኙት አንድ ነገር እስካሁን ያስደንቀኛል። የመጨረሻዋ ፊደል ብቻዋን አንዳንድ ጊዜ በቂ መከላከያ አትሆንም፤ ኢንዛይሙ ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ ከማብቂያው አጠገብ አንዲት ፊደል ሆን ብለው አሳሳቱ። አሁን ትክክለኛው ዘረ መል ላይ አንዲት ጉድለት ብቻ ስላለች ፕራይመሩ ይሠራል፤ ሌላው ላይ ግን ሁለት ጉድለቶች ተደራርበው ያስቆሙታል። ፕራይመሩን ትንሽ በማበላሸት ይበልጥ መራጭ አደረጉት።

የትኛው ጉድለት ስንት ያህል እንደሚያስቆም በቁጥር የለኩት የሴተሷ ሸርሊ ክዎክና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ በ1990፣ በኤችአይቪ ንባብ ላይ። ማብቂያው ላይ «ኤ» ከ«ጂ» ጋር ወይም «ሲ» ከ«ሲ» ጋር ሲጋጠሙ ቅጂው 100 ጊዜ ያህል ቀነሰ፤ «ኤ» ከ«ኤ» ጋር ሲሆን 20 ጊዜ ያህል። «ቲ» ያለችበት ጉድለት ግን ከማንኛውም ፊደል ጋር ቢሆን ብዙም አላስቆመም። ለተግባር ሰው ይህ ሁለት ተቃራኒ ምክር ነው። ኤችአይቪ ፊደሉን ቶሎ ቶሎ ይቀያይራልና ማንኛውንም ዝርያ መያዝ የፈለገ ማብቂያውን በ«ቲ» ቢጨርስ ይበጀዋል፤ ሁለት ዘረ መሎችን መለየት የፈለገ ግን ከ«ቲ» ይሽሽ።

በእነዚያው ዓመታት የተገነዘቡት ሌላው ነገር ችግሩ ከመጀመሪያው ዙር በፊት እንደሚጀምር ነው። ቱቦው በክፍል ሙቀት ሲዘጋጅ ፕራይመሮቹ ያገኙት ክር ላይ ይለጠፋሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይያያዛሉ፤ ታክም በዚያ ሙቀት ትንሽ ትንሽ ይሠራል። ማብቂያዎቻቸው የሚገጣጠሙ ሁለት ፕራይመሮች አንዱ ሌላውን ያስገለብጣሉ፤ ቅጂዎቹ በርዝመታቸው በሚለዩበት ጄል ላይ ከታች የሚታየው ያ አጭር ደብዛዛ መስመር እሱ ነው፣ ፕራይመር ዳይመር። በ1992 የሴተስ ባልደረቦች የነበሩ ተመራማሪዎች የቅመሙን ክፍሎች በሰም ለያዩ፤ ሰሙ የሚቀልጠው ቱቦው ሲሞቅ ስለሆነ ሥራው የሚጀምረው ሙቀቱ ካጠራ በኋላ ነው። ቀጥሎ ኢንዛይሙን የሚያስር፣ በሙቀት የሚለቀው አንቲቦዲ መጣ። ከአውስትራሊያ ደግሞ በ1991 ሌላ ብልሃት ተሰምቶ ነበር፦ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሙቀቱን ከሚገባው በላይ አድርጎ ቀስ በቀስ ማውረድ። ትክክለኛው ቅጂ በመጀመሪያ ተነሥቶ ስለሚበዛ የተሳሳቱት አይደርሱበትም።

የወባን ምርመራ የለወጠው ግን በ1987 ሙሊስና ፋሉና ያነሡት ሐሳብ ነው። በሁለት ፕራይመሮች አንድ ረዘም ያለ ቁራጭ ይባዛል፤ ከዚያ ጥቂቱ ተወስዶ በውስጡ በሚቀመጡ ሌሎች ሁለት ፕራይመሮች እንደገና ይባዛል። በመጀመሪያው ዙር የሾለከ የተሳሳተ ቅጂ በውስጡ ለሁለተኞቹ ፕራይመሮች መቀመጫ አይኖረውም። ጆርጅ ስኑኑና ባልደረቦቻቸው በ1993 ለንደን ውስጥ ይህን በወባ ጥገኛ ላይ አዋሉት። የመጀመሪያዎቹ ፕራይመሮች የፕላዝሞዲየም ወገን የሆነውን ሁሉ ይይዛሉ፤ ሁለተኞቹ ፋልሲፓረምን፣ ቫይቫክስን፣ ማላሪዬንና ኦቫሌን ለየብቻ ይለያሉ።

ይህ እንደ ኢትዮጵያ ላለ አገር ትርጉሙ ግልጽ ነው። በአገራችን ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ሰው ደም ውስጥ። ቫይቫክስ በጉበት ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል፣ እሱን ከጉበት የሚያጠፋው መድኃኒትም የተለየ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥቂት ጥገኞች ብቻ ያሉበት ድብልቅ በሽታ በቀላሉ ይሳታል። የስኑኑ ዘዴ በምርምር ቤተ ሙከራዎች ለዓመታት መለኪያ ሆኖ የቆየው ለዚህ ነው። ድካም አለው፤ ቱቦው ለሁለተኛው ዙር ስለሚከፈት፣ ቀድሞ የበዛው ዲኤንኤ በአየርና በፒፔት ወደ ጎረቤት ቱቦ እንዳይገባ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ያስፈልጋሉ።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ንድፉ ወደ ኮምፒውተር ገባ። የዋላስ ድምር ፊደሎቹን ቆጥሮ ይተዋል፤ እውነታው ግን እያንዳንዷ ፊደል ጽናቷን የምታገኘው ከጎረቤቷ ጋር በመደራረብም ጭምር ነው። ኬኔት ብረስላወር በ1986፣ ጆን ሳንታሉቺያ በ1998 ያወጡት የጎረቤታሞች ሠንጠረዥ ይህን በኃይል መጠን ቆጥሮ አስቀመጠ። ስቲቭ ሮዘንና ሄለን ስካሌትስኪ በዋይትሄድ ኢንስቲትዩት የሠሩት ፕራይመር3 የተባለ ፕሮግራም ደግሞ ለማንም በነፃ ቀረበ። ንባቡን ሲያስገቡለት ከ18 እስከ 27 ፊደል፣ በተቻለ መጠን 20 ፊደል፣ ከ57 እስከ 63 ዲግሪ፣ በተቻለ መጠን 60 ዲግሪ የሆኑ ጥንዶችን ደርድሮ ያወጣል። በራሱ ላይ የሚታጠፈውን፣ ከጥንዱ ጋር በማብቂያው የሚያያዘውን ይጥላል።

ፕራይመር3 ያስገቡለትን ንባብ እንጂ የቀረውን ዘረ መል አያይም። የሰው ዘረ መል ንባብ ፕሮጀክት በ2003 ከተጠናቀቀ በኋላ የመረጡትን ፕራይመር ከዚያ ጋር ማመሳከር የየዕለት ሥራ ሆነ፤ መፈለጊያው በ1990 የተሠራው ብላስት ነበር። ብላስት ግን የተሠራው ለሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት ንባቦች በሚመሳሰሉበት መካከለኛ ክፍል ላይ ያተኩራል፤ ጫፎቹ ላይ ጉድለት ካለ ይቆርጣቸዋል። ለፕራይመር ደግሞ ጉዳዩ ያለው ጫፉ ላይ ነው! የአሜሪካው ብሔራዊ የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል ሠርቶ በ2012 በጽሑፍ ያስተዋወቀው ፕራይመር ብላስት ይህን አስተካከለ፤ ብላስት የጠቆመውን ቦታ ከፕራይመሩ ጋር ከዳር እስከ ዳር እንደገና ያስተያያል፣ ማብቂያው ላይ ስንት ጉድለት እንዳለም ይቆጥራል።

በዚህ ሁሉ እውቀት ላይ 2020 መጣ። የአዲሱ ኮሮና ቫይረስ ንባብ በጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ገደማ ለዓለም ተለቀቀ፤ የበርሊኑ ቻሪቴ ሆስፒታል ቡድን ንድፉን ጃንዋሪ 23 ቀን አሳተመ። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲም የራሱን ኪት ነድፎ በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ለየግዛቱ ቤተ ሙከራዎች ላከ። ኪቱ ኤን1፣ ኤን2 እና ኤን3 የተባሉ ሦስት ስብስቦች ነበሩት። እያንዳንዱ ስብስብ ሁለት ፕራይመርና በመካከላቸው የሚቀመጥ፣ ቅጂው ሲወጣ ብርሃን የሚሰጥ ሦስተኛ ቁራጭ፣ ፕሮብ፣ ይዟል።

ቤተ ሙከራዎቹ ኪቱን ለመፈተሽ የሰው ናሙና በሌለበት ንጹሕ ውኃ ሲሞክሩት ብርሃን ታየ። ቫይረስ በሌለበት «አለ» የሚል ምርመራ ለሕሙማን አይውልም፤ ብዙ ግዛቶች መመርመር አልቻሉም። ማዕከሉ ፌብሩዋሪ 26 ቀን ኤን3ን ትተው እንዲሠሩ ፈቀደ። ዝርዝሩ በማዕከሉ ሳይንቲስቶች በራሳቸው ተመርምሮ በዲሴምበር 2021 ታተመ። ኤን1 በሰው ሠራሽ ዲኤንኤ ተበክሎ ነበር። የኤን3 ግን የንድፍ ጉድለት ነበር፦ የፕሮቡ ማብቂያና አንደኛው ፕራይመር እርስ በርሳቸው ይያያዙ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጄል ላይ ደብዛዛ መስመር የነበረው ነገር፣ ወረርሽኙ በሚስፋፋባቸው ወሳኝ ሳምንታት የአንድ ታላቅ አገር ምርመራ አዘገየ። ፊደሎቹን የመረጡት ሰዎች ችሎታ የሚጠየቅ አልነበረም፤ ጊዜው አጭር ነበር፣ ማብቂያው ግን ለጥድፊያ አያዝንም።

በ2020 መጨረሻ በእንግሊዝ ሌላ ነገር ታየ። ሦስት የቫይረሱን ዘረ መሎች የሚፈልግ አንድ በስፋት የሚሠራበት ኪት ሁለቱን እያገኘ «ኤስ» የተባለውን መሳት አበዛ። አልፋ የተባለው ዝርያ ፕሮቡ በሚቀመጥበት ቦታ ስድስት ፊደል አጥቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን መሳት ራሱን ምልክት አድርገው የአልፋን መስፋፋት ተከታተሉበት፤ በኖቬምበር 2021 ኦሚክሮን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተጠረጠረውም በዚሁ መንገድ ነው።

መሳት መቼ ነው ማስረጃ የሚሆነው? ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ ወባ ላይ ከዚያ በፊት ተነሥቶ ነበር። በጤና ጣቢያ ጣት ተወግቶ የሚደረገው ፈጣን የወባ ምርመራ በብዛት የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የተባለ የፋልሲፓረም ፕሮቲን ነው። የፕሮቲኑ ዘረ መል የጠፋው ጥገኛ ከዚያ ምርመራ ያመልጣል፤ ታማሚው «ወባ የለብህም» ተብሎ ይመለሳል። በኤርትራ በ2016 በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ እንዲህ ያሉ ጥገኞች በብዛት ተገኙ። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2017 እና 2018 በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚዋሰኑ አካባቢዎች ከ12,572 ሰዎች ናሙና ወሰዱ።

ዘረ መል እንደሌለ በፒሲአር ማሳየት እንዳለ ከማሳየት በጣም ይከብዳል። ጄሉ ላይ መስመር አልወጣም ማለት ዘረ መሉ ጠፋ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ናሙናው ውስጥ በቂ የጥገኛ ዲኤንኤ አልነበረም ማለትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቅድሚያ በጥገኛው ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ሌላ ዘረ መል በራሱ ፕራይመሮች መውጣት አለበት። የባሰው ወጥመድ ግን ኤችአርፒ3 ነው። በክሮሞሶም 8 ላይ ያለው ኤችአርፒ2 በክሮሞሶም 13 ላይ በጣም የሚመስለው ወንድም አለው፤ ፕራይመሮቹ ተመሳሳዩ ክፍል ላይ ከተቀመጡ ኤችአርፒ2 በጠፋበት ናሙና ውስጥ ኤችአርፒ3 ላይ ተቀምጠው መስመር ያወጣሉ፣ የጠፋውም እንዳልጠፋ ይቆጠራል። ነዳፊው ሁለቱ ወንድማማቾች የሚለያዩባቸውን ጥቂት ፊደሎች ፈልጎ ማብቂያውን እዚያ ላይ ማሳረፍ አለበት።

ጥናቱ ፒሲአርን ከፕሮቲን ልኬትና ከዘረ መል ንባብ ጋር አጣምሮ በሴፕቴምበር 2021 በኔቸር ማይክሮባዮሎጂ መጽሔት ወጣ። በተጠኑት አካባቢዎች ዘረ መሉ በመጥፋቱ ምክንያት በኤችአርፒ2 ላይ ብቻ የተመሠረተ ምርመራ ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 በመቶ ያህሉን እንደሚስት ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አገር ኪቱን እንዲቀይር የሚመክረው ይህ ቁጥር ከ5 በመቶ ሲያልፍ ነው።